የዕድር ገንዘብ በየትኛው የሙያ ሥልጠና ላይ ይዋል? አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ዕድር ቀብር ከማስፈጸም አልፎ ልማት ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን የከተማ ዕድሮች ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደግና የታመሙ አባሎቻቸውን መደገፍ ጀመሩ። ያ ልምድ ዛሬ ሥራ ላጡ ወጣቶችና ገቢ ለሌላቸው እናቶች ሙያ ወደ ማስተማር አድጓል። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከዱባይ ለትውልድ ቀዬአቸው የሚያዋጡ የተወላጅ ማኅበራትም በዚሁ ሥራ ላይ ናቸው። ገንዘቡ ተሰብስቦ ኮሚቴው ሲቀመጥ ግን ምርጫው ያደናግራል። አንዱ “ቴክኒክና ሙያ እንላካቸው” ይላል፤ ሌላው “ጋራዥ ይግቡ” ይላል፤ ሦስተኛው ሴቶቹ በቡድን ተደራጅተው እንዲቆጥቡ ይፈልጋል፤ አራተኛው ዶሮ ገዝቶ ማከፋፈል ይሻለዋል። እያንዳንዱ ባለው መንገድ የተሳካለት ሰው ያውቃል፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ላለ ኮሚቴ ነው። የማንንም ኮሌጅ ወይም ድርጅት አላወድስም። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ሥልጠና መመዘን ያለበት በምረቃው ማግስት ነው። ሠልጣኙ ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ የት ይሄዳል? በምን መሣሪያ ይሠራል? ማን ይከፍለዋል? ለሦስቱ መልስ ያልተዘጋጀለት ሥልጠና በነጻ ቢገኝም እንኳ የአንድን ወጣት ስድስት ወር ይበላል፤ ተስፋውንም ይዞ ይሄዳል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከሁሉ የሚቀድመው ገበያው ነው። ወጣቶቹን “ምን መማር ትፈልጋላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። መልሱ ብዙውን ጊዜ ሰፈር ውስጥ የታየውን ይከተላል፤ አንዲት ሴት ፀጉር ቤት ከፍታ ከተሳካላት ዐሥሩም ፀጉር ሥራ ይላሉ። ስለዚህ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ለጥቂት ቀናት ገበያውን፣ ሆቴሎቹን፣ የግንባታ ቦታዎቹንና ትምህርት ቤቶቹን ይዙሩ። አሠሪዎችን “ሥራ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም በትሕትና “ይኖራል” ይላል። ይልቅ “ሰው ያጣችሁበት ሥራ የቱ ነው? ከሌላ ከተማ የምታስመጡት ምንድን ነው? ምን የሚችል ሰው ብናመጣላችሁ ነገውኑ ትቀጥሩታላችሁ?” በሏቸው። የቧንቧ ሠራተኛ ለመጥራት አንድ ቀን ሙሉ የሚጠበቅበት ከተማ ውስጥ ዐሥራ አምስተኛውን ፀጉር ቤት መክፈት አያዋጣም።

ሁለተኛው እጅ መሣሪያ ላይ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ማሠልጠኛው “የሦስት ወር ሥልጠና” ሲላችሁ ማሽን ለስንት ሰው እንደሚደርስ ጠይቁ። ሠላሳ ሠልጣኝ በስድስት የስፌት ማሽን የሚማር ከሆነ፣ በሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ አንዷ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ለ36 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የምታሳልፈው ሌላዋን እያየች ነው። ስለዚህ ሁለት ማሠልጠኛዎችን ስታነጻጽሩ ወሩን ትታችሁ ይህን ደቂቃ አነጻጽሩ።

ሦስተኛው ከላይ ያልኩት ማግስት ነው፦ መሣሪያ፣ መሥሪያ ቦታ፣ የመጀመሪያ ደንበኛ፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት እየመጣ የሚያይ ሰው።

አራተኛው ሙሉ ወጪው ነው። የሥልጠና ክፍያው የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ታክሲ አለ፣ ምሳ አለ፣ ልጅ የሚጠብቅላት ሰው አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀርባት የቀን ገቢ አለ። ልብስ በማጠብ ወይም ጉሊት በመነገድ የዕለት እንጀራዋን የምታገኝ እናት ከትምህርቱ የምትቀረው ሰንፋ አይደለም፤ የቀረችበት ቀን ልጆቿ የበሉበት ቀን ነው። ሥልጠናው በግማሽ ቀን እንዲሆን ማድረግ ወይም አነስተኛ የቀን አበል መመደብ መምህር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

አምስተኛው ማረጋገጫው ነው። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው፣ ለአንዳንድ ሙያ በር ነው፤ ለሌላው ደግሞ ጌጥ ነው። ተቀጥሮ ለመሥራት፣ በማኅበር ተደራጅቶ የመንግሥት ሥራ ለመያዝ፣ ውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ያስፈልጋል። ባልትና አዘጋጅታ ለሰፈር ለምትሸጥ ሴት ግን የበርበሬዋ ጣዕም ነው ማረጋገጫዋ።

አንደኛው መንገድ፦ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ

ከአንጋፋው ተግባረ ዕድ ጀምሮ በየክልሉና በየዞኑ የተከፈቱት የመንግሥት ኮሌጆች ሁለት ዓይነት ትምህርት ይሰጣሉ። አንዱ ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 እያለ የሚወጣው መደበኛ ሥልጠና ነው። ሁለተኛው ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት የሚፈጀው አጭር ሥልጠና ሲሆን ለማኅበረሰብ ቡድን የሚመቸው ይኼኛው ነው። ኮሚቴው በደብዳቤ ሲጠይቅ ኮሌጁ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ለሠላሳ ሰው ልዩ ክፍል የሚከፍትበት ጊዜ አለ። በትብብር ሥልጠናው መርሕ ደግሞ 70 በመቶው ትምህርት በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጁ እንዲሆን ይታሰባል። መርሑ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ፣ ከክፍል ክፍልም ይለያያል። ስለዚህ የምትጠይቁት “ባለፈው ዓመት የዚህ ክፍል ተማሪዎች ልምምድ የወጡት የትኛው ድርጅት ነበር?” ብላችሁ ነው። ስም ጠርተው ከነገሯችሁ ሄዳችሁ ድርጅቱን አነጋግሩ።

የኮሌጁ ጥንካሬ ከኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ከብየዳ፣ ከቧንቧና ከመሳሰሉት ጋር ነው። እነዚህ የደኅንነት ትምህርት የሚሹ ሙያዎች ናቸው፤ በአጓጉል የተማረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ራሱንም የሰው ቤትንም ያቃጥላል። ማረጋገጫውም እዚያው ቅርብ ነው።

ድክመቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ልብስ ስፌት የተማሩ ሴቶችን ሥራ ከጀመሩ በኋላ አይቻቸዋለሁ። የተማሩት በኤሌክትሪክ በሚሠራ የፋብሪካ ማሽንና የጨርቅ ጠርዝ በሚቆልፈው ማሽን፣ በኦቨርሎክ፣ ነበር። ቀጥ ያለ ስፌታቸው ያምር ነበር። ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የተሰጣቸው ግን በእግር የሚረገጠው ማሽን ነው፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አካባቢ የሚያዋጣውም እሱ ነው። በእግር የሚሠራ ማሽን ላይ ፔዳሉን በተረከዝና በጣት ምት ጠብቆ መርገጥ ያስፈልጋል። ጎማው አንዴ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል፤ ቀበቶው ሲላላ ይንሸራተታል፤ ያንን ማጥበቅም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሴቶቹ ይህን አልተማሩም ነበርና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፉት ክር ሲቀጥሉ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቅድ አለመማራቸው ነው። ደንበኛ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ለክታ፣ ቀድዳ መስፋት የማትችል ሴት የራሷን ሱቅ መክፈት አትችልም፤ የምትችለው ፋብሪካ ገብታ አንድ መስመር መስፋት ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ የሚማሩበት ማሽን በኋላ የሚሠሩበት ዓይነት መሆኑን፣ ቅድም ከሥልጠናው ውስጥ መኖሩን።

ሁለተኛው መንገድ፦ ከባለሙያ ሥር መግባት

የአገራችን አብዛኛው መካኒክ፣ በያጅ፣ አናጢና ልብስ ሰፊ ሙያውን የተማረው እንዲህ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጁን ያስተማረውም ከመቀመጫው አጠገብ አስቀምጦ ነው። ረዳት ሆኖ ጋራዥ የገባ ልጅ መጀመሪያ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፣ “ዐሥራ ሦስት ቁልፍ አምጣ” ሲባል ይሮጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጉልበቱን እየበዘበዙት ይመስላል። ጥሩ ባለሙያ እጅ ከወደቀ ግን በእነዚያ ወራት የቁልፉን ቁጥር በዓይኑ መለየት፣ የፈታውን ቡለን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ የሞተሩን ድምፅ መስማት ይማራል። ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚነገር፣ መለዋወጫ ከየት እንደሚገዛም ያያል። ይህን የትኛውም ክፍል ውስጥ አያገኘውም።

ችግሩ ሁሉም ባለሙያ አስተማሪ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ሙያውን ይደብቃል፤ ነገ ተፎካካሪ እንዳይሆንበት ይሰጋል። አንዳንዱ ልጁን ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲያሳጥበው ይከርማል። መብቱን የሚያስከብርለት ጽሑፍም የለም። ከሥራ ቦታው ሲወጣ ደግሞ መካኒክነቱን የሚያውቁት ጌታውና ደንበኞቹ ብቻ ናቸው።

በኡጋንዳ የተደረገ ሰፊ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ወጣቶችን በሁለት መንገድ ነበር ያሠለጠነው፤ ገሚሱ ስድስት ወር በሙያ ትምህርት ቤት፣ ገሚሱ ስድስት ወር በድርጅት ውስጥ ተማሩ። ሁለቱም ሥራና ገቢ ጨመረላቸው። በድርጅት የተማሩት ፈጥነው ሥራ ያዙ፤ ከጊዜ በኋላ ግን የበለጠ ያገኙት በትምህርት ቤት የተማሩት ናቸው፤ ምክንያቱም ሥራ ሲለቁ ችሎታቸውን ለአዲስ አሠሪ የሚያሳዩበት ማረጋገጫ ነበራቸው።

ከዚህ የማገኘው ምክር ቀላል ነው። ልጁን ከባለሙያ ሥር አስገቡት፤ በመጨረሻ ግን የሲኦሲ ክፍያውን ሸፍኑለትና ይመዘን። የብቃት ምዘና ኮሌጅ ለተማረ ብቻ የተከለለ አይደለም፤ በልምድ የተማረም ይፈተናል። ከባለሙያው ጋር ደግሞ አጭር የጽሑፍ ስምምነት ይኑር፦ በየወሩ ልጁ ምን እንደሚማር፣ የምሳና የታክሲ ገንዘብ ማን እንደሚከፍል፣ በስንተኛው ወር ትንሽ ደመወዝ እንደሚጀመር። ለማስተማሩ ለባለሙያው የሚሰጠውን ክፍያ በሦስት ከፍላችሁ የመጨረሻውን ክፍል ልጁ ብቻውን ሥራ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ስጡ። የዕድራችሁ አባል የሆነ በያጅ ወይም አናጢ ካለ ከእሱ ጀምሩ፤ ዕድርተኛ በዕድርተኛ ፊት ማፈሩ ከማንኛውም ውል ይጠነክራል።

ሦስተኛው መንገድ፦ የቁጠባ ቡድን ከሥልጠና ጋር

ዕቁብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ዓይነት የራስ አገዝ ቡድን ነው፤ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ተገናኝተው ትንሽ ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስ ይበዳደራሉ፣ በስብሰባቸው ላይም ይማራሉ። ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከሕንድ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። ሌላው የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 25 አባላት አክሲዮን እየገዙ ይቆጥቡና ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዑደት መጨረሻ ሁሉንም ይከፋፈላሉ። ገንዘቡ የሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው። ቁልፎቹን የሚይዙት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሳጥኑ የሚያድረው ግን ከአራተኛዋ ዘንድ ነው። ሳጥኑ የሚከፈተው ሁሉም ባሉበት ነው፤ ገንዘቡም ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ማንበብ የማትችል አባል እንኳ ሳጥኑ ውስጥ ስንት እንዳለ በቃሏ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ይህ መንገድ ሙያ አይሰጥም፤ ይህን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚሰጠው መነሻ ገንዘብ፣ የሒሳብ ልምድና ድፍረት ነው። ስለዚህ የሚበጀው አባሎቹ አስቀድመው ለሚያውቁት ሥራ ነው፦ ባልትና፣ እንጀራ፣ ጠላና አረቄ፣ ጉሊት፣ በግ ማድለብ። ለእነዚህ ሴቶች የጎደላቸው ሽሮ አዘገጃጀት አይደለም፤ በርበሬ በርካሽ በሚገኝበት ወቅት የምትገዛበት ገንዘብ ነው። በቡድኑ ላይ ሁለት ነገር ብትጨምሩለት ፍሬው ይበዛል፤ አንዱ ዋጋ አወጣጥ ነው፣ ማለትም የማገዶ፣ የወፍጮና የራሷን ድካም ቆጥራ እንድትሸጥ ማስተማር። ሌላው ማሸግ ነው፤ ንጹሕ እሽግና የቀን ምልክት ያለው በርበሬ ሱፐርማርኬት ይገባል።

ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ሳጥን፣ ደብተርና ቢያንስ ለመጀመሪያው ዑደት በየሳምንቱ ሳይቀር የሚገኝ አመቻች ነው። አመቻቹ በሦስተኛው ወር ከጠፋ ቡድኑ አብሮ ይጠፋል።

አራተኛው መንገድ፦ የግብርና ሥልጠና

በየቀበሌው ያለው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ጣቢያ የተቋቋመው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን እንዲይዝ ነው፦ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት። ሥልጠናው ነጻ ነው። የሠርቶ ማሳያ ማሳ ያለውና የሚያለማው ጣቢያ ብዙ ያስተምራል፤ ማሳው ጦም ያደረበት ግን አዳራሽ ውስጥ ንግግር ከማሰማት አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሳውን ሄዳችሁ እዩ።

ዕድሮችና የተወላጅ ማኅበራት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ዶሮ ነው፤ ምክንያቱም ቦታ አይፈልግም፣ ሴቶችም ይይዙታል። የምመክረው የአንድ ቀን ጫጩት ከማከፋፈል ይልቅ የ45 ቀኑን ታዳጊ መግዛት ነው፤ ዋጋው ይበልጣል፤ ግን የሙቀትና የክትባት ፈተናውን ያለፈ ነው። ከዚያ በኋላም ፈንግል አንዴ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል፤ ስለዚህ የክትባቱ ቀንና ክትባቱን የሚሰጠው ባለሙያ ሳይታወቅ ዶሮ አታከፋፍሉ። ዝቅ ብዬ በማነሣው፣ ለድኃ ቤተሰቦች ንብረት በተሰጠበት የስድስት አገሮች ጥናት ላይ ሆንዱራስ ከሌሎቹ አገሮች ወደ ኋላ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ ብዙዎቹ የመረጡት ዶሮ ነበር፤ ዶሮዎቹም በበሽታ አለቁ። ሁለተኛው አደጋ መኖ ነው። የመኖ ዋጋ ሲወጣ ዕንቁላሉ የሚያመጣው ገንዘብ መኖውን አይሸፍንም። ጥቂት የሀገር ዶሮና የተሻሻለ ዝርያ ቀላቅሎ መጀመር አትራፊነቱ ቢያንስም ዕድሜው ይረዝማል።

ንብ ማነብ ደግሞ ደን ወይም አበባ ባለበት ቀበሌ ውስጥ ከዶሮ ይሻላል፤ ዘመናዊ ቀፎ ውድ ሆኖ ካገኛችሁት በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ በአካባቢው ቁሳቁስ ይሠራል።

አምስተኛው መንገድ፦ አጭር ሥልጠናና መነሻ ካፒታል

ይህ መንገድ “ወረቀት ከማብዛት ገንዘቡን ለራሳቸው እንስጥ” ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ብላትማንና ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈትነውታል። ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ፤ አንዱ ቡድን ፋብሪካ ገባ፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይሰጠው ቀረ። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። ገንዘቡን የተቀበሉት ደግሞ በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ ያህል ጨመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ተወርቶለታል፤ ሁለተኛውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። መነሻ ገንዘብ ሰውን ያነሣል፤ ገበያው ቢዘጋ፣ በሽታ ቢመጣ፣ ኪራይ ቢጨምር የሚይዘው ነገር ከሌለ ግን ተመልሶ ይወርዳል።

የተሻለ ሆኖ የተገኘው ጥምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣው የስድስት አገሮች ጥናት ኢትዮጵያን፣ ጋናን፣ ሆንዱራስን፣ ሕንድን፣ ፓኪስታንንና ፔሩን ያካተተ ሲሆን፣ በእኛ በኩል የተካሄደው ትግራይ ውስጥ ነበር። ከ10,000 በላይ እጅግ ድኃ ቤተሰቦች የተመለከቱበት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ከብት ወይም ሌላ ገቢ የሚያመጣ ንብረት ተሰጠ፤ ንብረቱ እስኪያፈራ የሚበሉት ታከለበት፤ ሥልጠና፣ ቁጠባና በየጊዜው ቤት ድረስ የሚመጣ አማካሪ ነበራቸው። ለሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም በአብዛኛዎቹ አገሮች ለውጡ አልጠፋም። ሳስበው የሚበልጠው ቁም ነገር ሁለተኛው ነው፤ “ንብረቱ እስኪያፈራ የሚበሉት”። በራብ ጊዜ የተሰጠች በግ ትታረዳለች፤ ባረደቻት እናት ላይም ማንም ሊፈርድ አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ መንግሥት ራሱ ተመሳሳይ ነገር በከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ ይሠራል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ድኃ አባወራዎችን በአካባቢ ጽዳትና ልማት ሥራ አሰማርቶ ይከፍላቸዋል፤ ይቆጥባሉ፤ በኋላም በሥልጠናና በመነሻ ገንዘብ ወደራሳቸው ሥራ ያሸጋግራቸዋል። አባሎቻችሁ ውስጥ እዚያ የተመዘገቡ ካሉ ወረዳውን አነጋግሩ፤ የእናንተ ገንዘብ የእነሱን ክፍተት ቢሞላ፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቦታ ኪራይ ወይም መሣሪያ ላይ ቢውል፣ ድርብ ጥቅም አለው።

ኦንላይን ትምህርትን ለብቻው መንገድ አድርጌ አላስቀመጥኩትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና ነጻ ነው፤ ማረጋገጫም ይሰጣል። 12ኛን ለጨረሰና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ወጣት ጥሩ ነው። ዕድሩ የሚያደርገው ድጋፍ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለበት አንድ ክፍል መስጠት ብቻ ነው።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ወጪ በአንድ ሰው | ጊዜ | የሚመቸው ለማን | ትልቁ አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ | መካከለኛ | ከሳምንታት እስከ ወራት | ተቀጥሮ መሥራት ለሚፈልግ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ብየዳ | የተማሩበት መሣሪያና የሚሠሩበት መለያየት |
| ከባለሙያ ሥር | ዝቅተኛ | 6 ወር እስከ ዓመት | ትምህርት ላቋረጠ ወጣት | ጉልበት መበዝበዝ፣ ማረጋገጫ ማጣት |
| ቁጠባ ቡድን | በጣም ዝቅተኛ | 9–12 ወር በዑደት | ሥራ ለምታውቅ፣ ገንዘብ ለጎደላት እናት | አመቻች መጥፋት |
| ግብርና ሥልጠና | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | እንደ ወቅቱ | መሬት ወይም ግቢ ላለው | በሽታና መኖ |
| ሥልጠና ከካፒታል ጋር | ከፍተኛ | ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት | እጅግ ለተቸገረ ቤተሰብ | ክትትል ቶሎ መቋረጥ |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሰዎቻችሁ

ቁጥሩ የሚያሳስት ነገር ስላለው አንድ ስሌት ላሳይ፤ ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው የወሰድኳቸው። 400,000 ብር አላችሁ እንበል። የሥልጠና ክፍያው በሰው 8,000 ብር ቢሆን 50 ሰው ታስመርቃላችሁ፤ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን በዚያው ላይ ለምሳና ለታክሲ 4,000፣ ለመሣሪያ 18,000፣ ለምዘናና ለክትትል 3,000 ብትጨምሩ በሰው 33,000 ይሆናል፤ የምታሠለጥኑትም 12 ሰው ነው። እኔ ሁልጊዜ 12ቱን እመርጣለሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው ማስረዳት ከባድ ነው፤ “ለምን የእገሌ ልጅ ቀረ?” የሚል ይመጣል። መልሱ መስፈርቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማውጣትና ዕጣ መጣል ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚጀመር በቃለ ጉባኤ መያዝ ነው።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም የአንድ ዕድር የዓመት ትርፍ ብቻ ከሆነ፣ አንድ የሴቶች ቁጠባ ቡድን አቋቁሙና ጎን ለጎን አራት አምስት ወጣቶችን በአባሎቻችሁ ጋራዥና እንጨት ቤት አስገቡ። ገንዘቡ ለምሳ፣ ለቱታና ለምዘና ክፍያ ይበቃል።

መካከለኛ ከሆነና ሁለት ሦስት ዕድሮች ከተባበራችሁ የኮሌጅ አጭር ሥልጠና ከመሣሪያ ጋር ያዋጣል። መሣሪያውን በስጦታ ከመስጠት በቁጠባ ቡድኑ በኩል በብድር መስጠት የተሻለ ነው፤ የሚመለሰው ገንዘብ ለቀጣዩ ዙር ይሆናል፤ በስጦታ የተገኘ ማሽን በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚሸጠው ነው። ብየዳ ለተማሩ ልጆች አንድ ማሽንና አንድ ግራይንደር ለሦስት መስጠትም ይቻላል፤ ሦስቱ ተስማምተው አብረው መሥራት እንደሚችሉ ግን ከሥልጠናው በፊት እዩ።

ከውጭ የሚላክ ትልቅ ገንዘብ ካለ አምስተኛውን መንገድ መሞከር ይቻላል። ገንዘቡ ግን በአንድ ጊዜ አይላክ። በሦስት ዙር ይከፈል፤ ሁለተኛው ዙር የሚለቀቀው ከእያንዳንዱ ቤት የወሩ ገቢና ወጪ ተመዝግቦ ሲመጣ ነው። ከበጀቱ ዐሥረኛውን ያህል ለአማካሪው ደመወዝ መድቡ፤ ብዙ ማኅበር የሚቆርጠው ይህንን ነው፤ ነገሩ የሚፈርሰውም ከዚያ ላይ ነው።

የአካል ጉዳት ላለባቸው አባላት መንገዱን ከመምረጣችሁ በፊት የሥልጠና ቦታውን ደረጃ፣ መጸዳጃውንና የታክሲውን ርቀት እዩ። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ሳይኖር ማስመዝገብ ወንበር መሙላት ብቻ ነው።

ሥራ ፍለጋውንም አትርሱት። አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍና ችሎታን እንዴት ማሳየት እንደሚቻል በአጭር ሥልጠና አስተምሮ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለከት ገቢያቸው ጨምሮ አገኘ። ይህ ጥቂት ቀን ብቻ የሚወስድ ነገር ነው፤ ከኮሌጅ ለሚወጡት ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ላይ ጨምሩት።

የመጨረሻው ወቅት ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥልጠና የተበላሸው ወሩን ባለማየት ነው። ልብስ ስፌት የሚማሩ ሴቶች ዩኒፎርም ለመስፋት ከፈለጉ ሐምሌ ላይ ጨርሰው ከትምህርት ቤቶች ጋር መነጋገር አለባቸው፤ መስከረም ላይ ከተመረቁ ትዕዛዙ ሌላ ዘንድ ሄዷል። የገጠር ሠልጣኞችን በእርሻና በአጨዳ ወር አትጥሩ፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል። በያጆችና አናጢዎች ከክረምት በፊት ልምምድ ይግቡ፤ ግንባታ የሚበዛው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ያኔ ባለሙያው ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ለማስተማር ግን ጊዜ የለውም። በጉን ለፋሲካ የምታደልብ ሴት ደግሞ ብድሩን ማግኘት ያለባት ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ ከዘገየ ብድሩን አትስጧት፤ ለመስቀል እንድታደርሰው አብራችሁ አስሉ።